የልጄ አውራ ጣት አልዘረጋ አለ፤ ወጌሻ ወይስ ኦፕራሲዮን?

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ ነው፤ ሄርማታ አካባቢ ልብስ እሰፋለሁ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የሆናት ሴት ልጅ አለችኝ። ከጥቂት ወራት በፊት እጇን ሳጥባት የቀኝ አውራ ጣቷ ከላይኛው መገጣጠሚያ ላይ ታጥፎ አየሁት። ያኔ ሳቃናው ቀጭ ብሎ ይዘረጋ ነበር። እሷም ጨዋታ መስሏት ትስቅ ነበር። አሁን ግን ጨርሶ አይዘረጋም። አያማትም። ትበላለች፣ ትጫወታለች፣ ብቻ ጣቷ እንደታጠፈ ነው።

ነገሩ ቤታችንን በጠበጠው። አማቴ አብረውን ነው የሚኖሩት። ልጄን እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚያዩዋት፤ ይህን አልክድም። ግን «እጇን ይዘሽ ስትጎትቻት ነው ያወለቅሽው» ብለው ደመደሙ። እውነቱን ለመናገር አንድ ቀን ባጃጅ ሊገጫት ሲል እጇን ይዤ ስቤያታለሁ። አማቴ ያን ካሉኝ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እኔ ገበያ በወጣሁበት ቀን ደግሞ በሰቃ መውጫ በኩል ያሉ አንድ ወጌሻ ዘንድ ወሰዷት። ወጌሻው አሽተው፣ ስበው፣ በጨርቅ አሰሩላት። ማታ ስፈታው ጣቷ አብጦ ነበር። እብጠቱ በሁለት ቀን ጎደለ፤ ጣቷ ግን ያው ነው። አሁን ትልቅ ሰው እጇን ሊይዝ ሲል ከኋላዋ ትደብቀዋለች። ወጌሻው «ሦስት ጊዜ ካልታሸ አይድንም» ስላሉ አማቴ መልሰው ሊወስዷት ይፈልጋሉ።

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ራጅ ታዘዘላት፤ አጥንቷ ደህና ነው ተባለ። ከዚያ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ጻፉልን። ሐኪሙ «ትሪገር ታምብ ነው፤ መጠበቅም ይቻላል፣ ትንሽ ኦፕራሲዮንም አለው፤ ተማክራችሁ ኑ» አለኝ። ከኋላዬ ወረፋው ብዙ ስለነበር ምንም ሳልጠይቅ ወጣሁ።

ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ በሚዛን መስመር ነው የሚሠራው። ስደውልለት «እማዬ ታውቃለች» ይለኛል። ኦፕራሲዮን ስለው ደግሞ «ለአንድ ጣት ብለሽ ልጄን በማደንዘዣ ልታስተኚብኝ ነው?» ብሎ ተቆጣ። ስኳር ያለባቸው አክስቱ ጣታቸው እንዲሁ ተይዞ በመርፌ ድነዋል። ታዲያ ለልጄ መርፌ የማይሰጣት ለምንድን ነው? ጥፋተኛዋስ እኔ ነኝ? አማቴን ምን ብዬ ላቁማቸው?

ልብስ ሰፊዋ እናት፣ ከጅማ

*

እህቴ፣ የጠየቅሽኝ ስለ ጣት ነው። እንቅልፍ የነሳሽ ግን ያ ባጃጅ ይመስለኛል። ከእሱ እንጀምር።

አላወለቅሻትም። ትንሽ ልጅ እጇ ተይዞ በድንገት ስትሳብ ሊወልቅ የሚችለው ክርኗ ነው። ያ ሆኖ ቢሆን እዚያው ታለቅስ ነበር፤ ክንዷን አንጠልጥላ አላነሳም ትልሽ ነበር። አውራ ጣት እንዲህ ቀስ በቀስ ተይዞ የሚቀረው በመሳብ አይደለም። ራጁም አጥንቷ ቦታው ላይ እንዳለ አሳይቷል። ያን ቀን ያደረግሽው ነገር ቢኖር ልጅሽን ከባጃጅ ማትረፍ ነው።

ታዲያ ሐኪሙ «ትሪገር ታምብ» ያለሽ ምንድን ነው? አውራ ጣትን የሚያጥፈው ጅማት ከክንድ ተነስቶ፣ በመዳፍ አልፎ፣ እስከ ጣት ጫፍ ይደርሳል። ጣቱ ከመዳፍ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጅማቱን ከአጥንቱ ጋር አስጠግቶ የሚይዝ ጠባብ ቀለበት አለ። የልጅሽ ጅማት እዚያ ጋ ወፍሯል። አንቺ ልብስ ሰፊ ነሽ፤ የሱሪ ማሰሪያ ገመድ ቋጠሮ ይዞ መግቢያው ላይ ሲቀረቀር ታውቂዋለሽ። መጀመሪያ ሰሞን ቋጠሮው እየታገለም ቢሆን ያልፍ ነበር፤ ያ ቀጭ የሚለው እሱ ነው። አሁን ማለፍ አቃተው።

እንቅልፍ ሲወስዳት መዳፏን ገልብጠሽ ዳስሺው። አውራ ጣቷ ከመዳፏ በሚነሳበት ቦታ፣ ቆዳው በሚታጠፍበት መስመር ላይ፣ የጠጠረች ትንሽ እብጠት ታገኛለሽ። የጣቷን ጫፍ በቀስታ ስታንቀሳቅሺው እብጠቷም አብራ ስትንቀሳቀስ ሊሰማሽ ይችላል። እንዳትደነግጪ። ይህች እብጠት ካንሰር አይደለችም። ፈረንሳዊው ሐኪም ኖታ እ.ኤ.አ. በ1850 ጽፎባታል፤ የሙያው ሰዎች እስከ ዛሬ በስሙ ይጠሯታል። የወፈረው ራሱ ጅማቱ ነው።

ድሮ ይህ ችግር ከልጁ ጋር የሚወለድ ነው ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ አንድ ጥናት ግን የ4,719 አዲስ የተወለዱ ሕፃናትን እጅ አይቶ አንድም አላገኘም። ከተወለዱ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። ወላጅ ልብ የሚለውም አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ከ1 እስከ 3 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ በእርግዝናሽ ወቅት የበላሽው፣ የተሸከምሽው ወይም የተናደድሽበት ነገር አላመጣውም። (ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ ነገ ሌላዋ ጎረቤት ይህን ይዛ መምጣቷ ስለማይቀር ነው።)

አሁን ወደ ወጌሻው። ወጌሻ ሁሉ ክፉ ነው አልልም። ስንቱ ወለምታውን አሳሽቶ ወደ ሥራው ተመልሷል። ግን ያልወለቀ አጥንት ምኑ ይመለሳል? ጣቷ በኃይል ሲሳብ ያው የተያዘው ጅማት ነው የሚጎዳው። ከማሸቱ ይልቅ ደግሞ እኔን የሚያስፈራኝ እስሩ ነው። የሕፃን ጣት ጠብቆ ሲታሰር ደም መዝለቅ ያቆማል። በዚህ ሰበብ እጃቸው እስከ መቆረጥ የደረሰ ልጆች እንዳሉ የአገራችንን የአጥንት ሐኪሞች ብትጠይቂ ይነግሩሻል። ማታውኑ መፍታትሽ ደግ አደረግሽ። ሁለተኛው ጉዞ ግን ይቅር። እዚህ ላይ ለይሉኝታ ቦታ የለም።

በሌላው ሁሉ ላይ ጊዜ አለሽ። ሐኪሙ «መጠበቅም ይቻላል» ያለሽ ሊሸኝሽ ብሎ አይደለም። በደቡብ ኮሪያ ሐኪሞች ልጆቹን ሳያሹ፣ ሳያስሩ፣ ኦፕራሲዮን ሳያደርጉ ለዓመታት ተከታትለዋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ውጤት ከ87 አውራ ጣቶች ከአራቱ ሦስቱ ያህሉ በራሳቸው ተዘርግተዋል። ደስ ይላል። ግን ችኩል አይደለም፤ ለመዳን የፈጀባቸው ጊዜ ባመዛኙ ወደ 4 ዓመት ይጠጋል። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1974 እንግሊዝ ውስጥ የታተመው ጥናት ደግሞ ሌላ ነው ያለው። ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ተኩል ባለው ዕድሜ ችግሩ የታየባቸው ልጆች ውስጥ በ6 ወር ጊዜ የዳኑት 12 በመቶ ብቻ ነበሩ። እነዚያው ሐኪሞች ታዲያ ኦፕራሲዮኑ 4 ዓመት ሳይሞላ ከተሠራ ጣቱ ቀጥ እንደሚል አይተዋል። አንዱ ሐኪም «ጠብቂ» ሌላው «እንሥራው» ቢልሽ ለዚህ ነው። ሁለቱም አላጭበረበሩሽም።

የልጅሽ ጣት አንድ ነገር አለው፤ ቀጭ ማለቱን ትቶ ተቆልፏል። የተቆለፈ ጣት በራሱ የመፈታት ዕድሉ አሁንም ቀጭ እያለ ከሚዘረጋው ያነሰ ነው። እንደዚያም ሆኖ የ2 ዓመት ተኩል ልጅ ናት፣ አያማትም፣ ትጫወትበታለች። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት በሐኪም ክትትል እጠብቅ ነበር። እስከ ሦስት ዓመት ተኩል ካልተፈታ ደግሞ ሳልጨነቅ ኦፕራሲዮኑን አሠራላት ነበር። ብዙ ዓመት ታጥፎ የቆየ ጣት ከታች ያለውን መገጣጠሚያ ከልክ በላይ ወደ ኋላ ሊያስቀለብሰው ስለሚችል፣ ጥበቃው መጨረሻ የሌለው እንዳይሆን ነው። ይህ የእኔ ሚዛን ነው። የመጨረሻው ቃል እጇን ዳስሶ ያየው ሐኪም ነው።

እየጠበቅሽ ሳለ በየቀኑ በቀስታ ማለማመድ ይቻላል። ሐኪሙ አንድ ጊዜ እንዲያሳይሽ ጠይቂው። ደንቡ አጭር ነው፤ ልጅቷ ፊቷን ካጨማደደች አቁሚ። ጣቷን ቀና አድርጎ የሚይዝ የማታ ድጋፍ የሚያዝዙ ሐኪሞችም አሉ። የሁለት ዓመት ልጅ ግን እኩለ ሌሊት ሳይሆን አውልቃ ትጥለዋለች፤ ካልሆነ ብለሽ አትታገያት።

ስለ አክስትየው መርፌ ያነሳሽው ጥሩ ጥያቄ ነው። ትልልቅ ሰዎች ላይ፣ በተለይ ስኳር ባለባቸው፣ ጣት እንዲህ መያዙ የተለመደ ነው። እነሱን በኮርቲዞን (እብጠትን በሚቀንስ መድኃኒት) መርፌ ማከምም የተለመደ ነው። የሕፃናቱ ግን ከስኳር ጋር አይገናኝም፤ መንስኤውም የተለየ ነው። ለዚህ ነው ለልጆች መርፌው በመደበኛነት የማይሰጠው። በዚያ ላይ የሁለት ዓመት ልጅ አውራ ጣት ላይ መርፌ መውጋት ምን ማለት እንደሆነ አስቢው።

ኦፕራሲዮኑስ ምንድን ነው? በአውራ ጣቷ ሥር፣ ያው በቆዳው መታጠፊያ ላይ፣ ትንሽ ይቀደዳል። ያ ጠባብ ቀለበት ይከፈታል። ጅማቱ ይለቀቃል፤ ጣቷ እዚያው ይዘረጋል። አጥንት አይነካም። ሥራው አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜ ልጆች በዚያው ቀን ወደ ቤት ይመለሳሉ። ከዚያ ለጥቂት ቀናት እጇ በፋሻ ይታሰራል፣ ውኃ አይነካውም። ፊዚዮቴራፒ አብዛኞቹ አያስፈልጋቸውም፤ ጨዋታው ራሱ ይበቃቸዋል። ጉዳት የለውም ብዬ አልሸነግልሽም። ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል። አልፎ አልፎ ጣቱ መልሶ ይያዛል። የአውራ ጣት ነርቭ እዚያው ከቆዳው ሥር ስለሚያልፍ ጥንቃቄ የሌለው እጅ ሊጎዳው ይችላል። እነዚህ ጥቂት ልጆች ላይ የሚደርሱ ናቸው። አብዛኞቹ አንዴ ተሠርቶላቸው ያበቃል። ስለዚህ ሐኪሙን «ሕፃናት ላይ ይህን ሠርተዋል?» ብለሽ መጠየቅ ነውር አይደለም።

አሁን ባለቤትሽ። «ልጄን ልታስተኚብኝ ነው?» ሲል ቁጣ ብቻ ነው የሰማሽው? እኔ ፍርሃት ሰማሁበት። ምናልባት ማደንዘዣ ላይ የቀረ ሰው ያውቅ ይሆን? ወይስ ራቅ ብሎ መንገድ ላይ እያለ አንድ ነገር እንዳይሆንባት ነው? መሪ ይዞ እያለ አትጠይቂው። ቤት ሲመጣ፣ አማትሽ በሌሉበት፣ ቡና አፍልተሽ «ምኑ ነው የሚያስፈራህ?» በይውና ዝም ብለሽ አዳምጪው። ፍርሃቱ መሠረት የለውም አትበይው፤ አለው። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ከ3 ዓመት በታች ስላሉ ልጆች ማሳሰቢያ አውጥቷል። ማሳሰቢያው ግን የሚናገረው ከ3 ሰዓት በላይ ስለሚፈጅ ወይም ስለሚደጋገም ማደንዘዣ ነው። የጣቷ ሥራ ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ደግሞም ከ3 ዓመት በኋላ ቢሠራላት ጥያቄው ራሱ ይቀላል። ይህን ስትነግሪው «እንግዲያው እስከዚያ እንጠብቅ» ሊልሽ ይችላል። ያኔ ሁለታችሁም የምትፈልጉት አንድ ሆነ ማለት ነው።

አማትሽን «ላቁማቸው» ብለሻል። ይህ ቃል ትንሽ ከበደኝ። ልጅቷን ሰርቀው የወሰዷት ስለሚወዷት ነው፤ የወሰዷት ቦታ ነው የተሳሳተው። ደፍረሽ «ሁለተኛ እንዳይወስዷት» ብትያቸው ነገሩ የክብር ጉዳይ ይሆናል፤ አንቺ ማሽንሽ ላይ ሳለሽ ደግሞ ልጅቷ ያለችው እሳቸው እጅ ነው። ይልቅ ለሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘሻቸው ሂጂ። «እማማ፣ እኔ ስፈራ የሚነግሩኝን ሁሉ አልሰማም፤ እርስዎ አብረውኝ ይስሙልኝ» በያቸው። ሐኪሙንም «እብጠቷን ለእማማ ያሳዩልኝ» ብለሽ ለምኚው። በገዛ ጣታቸው ከዳሰሷት በኋላ ስለ ውልቃት የሚያነሱት ይቀንሳል። ለባለቤትሽም እሳቸው ናቸው የሚያስረዱት፤ «እማዬ ታውቃለች» ሲልሽ ያኔ ለአንቺ ይጠቅምሻል። እስከ ቀጠሮው ድረስ ግን ባለቤትሽ ራሱ ደውሎ «እማዬ፣ ሐኪም እስኪያያት ወጌሻ ይቆይ» ይበላቸው። ለእናቱ ይህን መናገር የእሱ ድርሻ ነው፤ የአንቺ አይደለም። ቅቤ ልቀባት ካሉ ይቀቡ፤ ቅቤ አይጎዳም። መጎተትና ማሰር ብቻ የለም።

እጇን ከኋላዋ የምትደብቀው ነገርም እንዳያልፍሽ። ዘመድ በመጣ ቁጥር «እስቲ ጣቷን አሳይን» ማለት ይብቃ። ማንም ቢሆን፣ ሐኪምም ጭምር፣ እጁን ዘርግቶ እሷ እስክትሰጠው ይጠብቅ። ጣቷን ለማለማመድ ስትፈልጊም ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ ጋር አድርጊው፣ በአረፋ እየተጫወተች። የጠፋባት መተማመን ከጣቷ ቀድሞ ይመለሳል ብዬ አስባለሁ።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው የወረቀትና የስልክ ሥራ ነው። ዛሬ ጣቷን ከጎን በኩል ፎቶ አንሺው፤ በየወሩ ከዚያው ጎን ደግሚው። «ትንሽ ተሻላት፣ የለም አልተሻላትም» የሚለውን የቤት ክርክር ይገላግልሻል። ግራ አውራ ጣቷንም እዪው፤ ከአራት ልጆች በአንዱ ገደማ ሁለቱም ይያዛሉ። ጥያቄዎችሽን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ግቢ። ወረፋው ቢረዝምም ያንን ወረቀት ሳታስነብቢ አትውጪ። እስከ መቼ እንጠብቅ? በየስንት ጊዜው ልምጣ? ማደንዘዣውን የሚሰጠው ማነው? ስንት ያስወጣናል? የማኅበረሰብ ጤና መድን ካላችሁ መታወቂያውን አሳድሺ፤ ሪፈሩንም ከጤና ጣቢያ ያዢ፤ ያለ ሪፈር ቀጥታ ከሄድሽ ወጪው በራስሽ ሊሆን ይችላል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሜዲካል ሴንተር እዚያው አጠገብሽ ነው። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ከላኩሽ ደግሞ የሕፃናትን የአጥንት ችግር የሚያክመው ኪዩር ሆስፒታል አለ፤ ከመንገድሽ በፊት ደውለሽ ቀጠሮ ያዢ።

የኦፕራሲዮኑ ቀን ከደረሰ ከምግብ ስንት ሰዓት እንደምትቆይ ይነግሩሻል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጠንካራ ምግብ 6 ሰዓት ነው። እማማ «ልጄ ባዶ ሆዷን» ብለው በጓዳ እንዳያጎርሷት አደራ፤ ሆዷ ውስጥ ምግብ ካለ ማደንዘዣው አደገኛ ይሆናል። ጉንፋን ከያዛትም አትደብቂ፤ ቀኑ ቢራዘም ይሻላል።

ቀጠሮ ሳትጠብቂ የምትሄጂበትም ጊዜ አለ። ጣቷ ከቀላ፣ ካበጠ፣ ከተኮሰ ወይም ስትነኪው ካለቀሰች በዚያው ቀን ውሰጃት። ሌሎች ጣቶቿም መታጠፍ ከጀመሩ ደግሞ ለሐኪሙ ንገሪው፤ ከአውራ ጣት ውጭ ያሉት ሲያዙ ሌላ ምርመራ ሊያስፈልጋት ይችላል።